አሥር ፐርሰንቷን ፍለጋ

የቡድን ገንዘብ ያዥ ሆኖ መመረጥ እንዴት እንደሚያኮራ የሚያውቀው የተመረጠ ሰው ነው። አምነውኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ። ኋላ ስሰማ የተመረጥኩት በዕለቱ ስብሰባ የቀረሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። ይሁን፣ ሥራው ቀላል ነበር። ከአርባ ምንጭ ተነስተን ጂንካ እናድራለን፣ እዚያ የዞን ሰዎች ይቀላቀሉናል፣ ከኦሞ ማዶ ካንጋተን ወርደን ሥልጠና ሰጥተን እንመለሳለን። እኔ የምግቡን እከፍላለሁ፣ ደረሰኝ እሰበስባለሁ፣ ስመለስ አወራርዳለሁ። አለቀ። የፋይናንሷ እትዬ (መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው፣ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሳይቀሩ) ፖስታውን ሲሰጡኝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደረሰኝ የሌለው ምግብ እኔ ዘንድ እንዳልተበላ ነው የሚቆጠረው» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ጂንካ በሰላም ገባን፣ በሰላም አደርን። ጠዋት ያደርንበት ሆቴል ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቁርስ ቀረበልን። ጨጨብሳው፣ ፍርፍሩ፣ እንቁላሉ፣ የአሪ ቡናው፣ ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ነበር። እዚህ ጋ ዝም ብዬ ከፍዬ ብነሳ ኖሮ ይህን ወግ ባላወጋሁህ። ግን ቢሉ መጣ። ሌላ ሰው ቢል ሲመጣለት የመጨረሻዋን ቁጥር አይቶ ይከፍላል፤ እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ ከላይ ጀምሬ ማንበብ አለብኝ። ምግብና መጠጥ 2,000። ሰርቪስ ቻርጅ 10 ፐርሰንት፣ 200። ድምር 2,200። ቫት 15 ፐርሰንት፣ 330። ጠቅላላ 2,530።

ልብ በልልኝ፣ ቫቱ የተሰላው ከ2,000ው ላይ አይደለም፤ ከ2,200ው ላይ ነው። ለአስተናጋጅ ተብሎ የተጨመረው 200 ብር በበኩሉ 30 ብር ታክስ ወልዷል ማለት ነው። ለዚህ ነው «አሥርና አሥራ አምስት ሃያ አምስት» እያለ በልቡ አስልቶ ሆቴል የሚገባ ሰው ሁልጊዜ ጥቂት ብር የሚጎድለው፤ ሂሳቡ 26 ከግማሽ ነው። ይህን በሞባይሌ ካልኩሌተር ደጋግሜ አስልቼ ሳረጋግጥ የተሰማኝን ደስታ አትጠይቀኝ። ጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ ግን «ክፈልና እንሂድ» ነው ያለኝ።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚለው ተረት የተተረተው ለእኔ ነው። ሳህን ለማንሳት የመጣችውን ልጅ ጠጋ አልኩና፣

«እህቴ፣ ይህቺ ሁለት መቶ ብር ለእናንተ ናት አይደል?» አልኳት።

«ይባላል፣ ጋሼ» አለችኝ። አንዱን ሳህን በሌላው ላይ እየጫነች ነው የምታወራኝ፤ የተረፈውን በሹካ ወደ ላይኛው ትጠርጋለች፣ ማንኪያዎቹን በአንድ አቅጣጫ ታስተኛለች፣ ዓይኗ ግን በር በሩን ነው።

«ይባላል ማለት?»

«ወር ሲሞላ ይደመራል። ከዚያ በነጥብ ይካፈላል። ሱፐርቫይዘሩ የራሱ ነጥብ አለው፣ ካሸሯ የራሷ፣ እኛ የራሳችን፣ ሳህን አጣቢዎቹ ትንሽ። የተሰበረ ብርጭቆ፣ የጠፋ ማንኪያ፣ ሳይከፍል የወጣ ሰው ካለ ደግሞ ከዚያው ይቀነሳል።»

«ባለፈው ወር ስንት ደረሰሽ?»

«ያለፈው ወርማ ገና ነው።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ደሜ ፈላ። እኔ ደሜ ሲፈላ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ተነሳሁና ሱፐርቫይዘሩን ጥሩልኝ አልኩ። ልጅቷ «ጋሼ ተዉት፣ ጋሼ ይቅር» ትላለች፤ እኔ ትሕትና መስሎኝ «አይዞሽ» እላታለሁ።

ሱፐርቫይዘሩ መጣ። እርጋታው ነው የገደለኝ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ቅሬታ አለዎት ጋሼ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ከዚያ ጀመርኩ። ይህ ገንዘብ የሠራተኛው ደመወዝ አካል ነው፣ ሕጉ በግልጽ ይላል አልኩ (ሕጉ ምን እንደሚል ካንጋተን ላይ ትሰማለህ)። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቲፕም ሆነ ቢል ላይ የሚጨመር ሰርቪስ አንድም ሳይሸራረፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ በሕግ አስገድደዋል አልኩ፤ ይኼኛው እውነት ነው። ቀጥዬ አሜሪካ ገባሁ። እዚያ በፌዴራል ሕግ ጉርሻ የሚቀበል አስተናጋጅ ከአሠሪው የሚያገኘው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፣ ይህም እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም፤ ኑሮውን የሚሞላለት ደንበኛው ነው አልኩ። ይህ የትኛውን ክርክሬን እንደሚደግፍ ዛሬም አልገባኝም፤ ግን አንዴ ከአፌ ወጣ። ግቢው ጸጥ ብሏል። የዞን ኃላፊዎቹ ማኪያቷቸውን እያማሰሉ ይሰሙኛል። ከአጠገባችን የነበሩ ሁለት ፈረንጆች ሳይቀሩ ካሜራቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

ሱፐርቫይዘሩ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና፣ «እንግሊዝ ሲሄዱ ይመገባሉ እንግዲህ። አሁን ይህን ለሥራ አስኪያጁ ላሳየውና ልመለስ» ብሎ የከፈልኩበትን ደረሰኝ ከእጄ ወሰደ። ሄደ። እንደሄደ ቀረ።

ውጭ ሹፌራችን ክላክስ ያንባርቃል። ልጅቷ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ምን በድዬዎት ነው? አሁን ማን ነገረው ብለው የሚጠሩት እኮ እኔን ነው» አለችኝ። እንባዋ ቀርቧል። በዚያች ሰዓት ሰው የሆነ ሰው ኪሱ ይገባል፣ ያለችውን አውጥቶ እጇ ላይ ያስቀምጣል። እኔም ገባሁ። ኪሴ ውስጥ ያለው የመሥሪያ ቤቱ ፖስታ ነው፤ እያንዳንዷ ብር ደረሰኝ ትፈልጋለች። የራሴ ገንዘብ ያለበት ቦርሳ መኪናው ጣሪያ ላይ፣ ከፍሊፕ ቻርቱ ሥር ታስሯል። እጄ ኪሴ ውስጥ፣ ዓይኗ እጄ ላይ፤ ከአፌ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው?

«ሰርቪሱ እኮ ቢሉ ላይ አለ።»

እንዲህ ብያት ነው መኪናው ውስጥ የገባሁት። የሰው መብት ላስከብር ተነስቼ፣ አንድ ብር ሳልሰጥ፣ ልጅቷን አስጠርቼ፣ ደረሰኜን አስነጥቄ።

ደረሰኙ ትዝ ያለኝ ቀይ አፈር ስንደርስ ነው። «መልሰኝ» ብዬ ሹፌሩን ብለምነው በመስታወቱ አይቶኝ የዘፈኑን ድምፅ ከፍ አደረገው። ከቀይ አፈር በዲመካ ወደ ቱርሚ ስንወርድ ሙቀቱም፣ የባልደረቦቼ ቀልድም እየበረታ ሄደ። አንዱ ውሃ ባቀበለኝ ቁጥር «አሥር ፐርሰንቴስ?» ይላል።

መቼም መንገድ ረጅም ነው፣ ሰው ያስባል። ደቡብ ኦሞ ለአገልግሎት እንዴት እንደሚከፈል ከማንም በፊት የጨረሰ አገር ነው። ቱሪስት ከጂንካ በማጎ በኩል ወደ ሙርሲ መንደር ሲገባ ለመግቢያ ይከፍላል፣ ለአስጎብኚ ይከፍላል፤ ፎቶ ሲያነሳ ደግሞ ለምትነሳው ሰው ለራሷ፣ በእጇ። አንድ ፎቶ 5 ብር የነበረበትን ዘመን አስታውሳለሁ። እናቶቹ የካሜራዋን ቀጭታ በጆሯቸው ይቆጥራሉ፤ አንዴ ነው ያነሳሁት ብሎ ሦስቴ ቀጭ ያደረገ ፈረንጅ የሦስቱን ሳይከፍል ንቅንቅ አይልም። ያረጀ ብር አይቀበሉም። ስለዚህ የፎቶ ገበያ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ታምቷል፤ ሰውን ዕቃ አድርጓል የሚሉ አሉ፣ ሐሜቱ ውሸት ነው አልልም። ግን ሳህን ከምታነሳልኝ ልጅ ይልቅ ያቺ ከንፈሯ ላይ ገል ያደረገች እናት ሂሳቧን ታውቃለች። ወር እስኪሞላ አትጠብቅም፣ በነጥብ አትካፈልም፣ ሌላ ሰው በሰበረው ብርጭቆ አይቀነስባትም።

ኦሞን ተሻግረን ካንጋተን ስንገባ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። የካንጋተን ፀሐይ አትጠልቅም፣ ስትደክም ነው የምትሄደው። ምሳ ያዘዝነው ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ዙሪያው በእንጨትና በሳር የታጠረ አንዲት ምግብ ቤት ነው። ባለቤትየዋ ከደጋ ወርደው ዓመታት የተቀመጡ ጠንካራ ሴት ናቸው። የሚያስተናግደን ደግሞ ቀጠን፣ ዘለግ ያለ የኛንጋቶም ልጅ ነው።

አየህ፣ እኔ የሰው ቋንቋ አከብራለሁ። ኛንጋቶምኛ ከቱርካናና ከቶፖሳ ጋር የሚቀራረብ ቋንቋ መሆኑን መንገድ ላይ ለባልደረቦቼ ያስረዳሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ ልጁ እንዳይቸገር ብዬ ቃላቱን እየለያየሁ፣ በእጄም ዋና እየዋኘሁ፣ «ዓ... ሣ... አለ?» አልኩት።

«አለ። ጥብስ ይሁንልዎ ወይስ ወጥ? ነጭ ሽንኩርት የማይስማማው ሰው ካለም ቢነግሩኝ ጥሩ ነው» አለኝ፤ ከእኔ በጠራ አማርኛ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። እጄ ገና እየዋኘ ነበር፤ ወዴት እንደምመልሰው ግራ ገብቶኝ ዝንብ አባረርኩበት።

በላን። አምባዛ ጥብስ፣ የፍየል ጥብስ፣ ያልሰሰተ ሽሮ። ላባችን እየተንጠባጠበ በላን፣ ጠጣን። ሂሳቡን ልጁ በቃሉ ደመረው፤ 3,600 ብር። ቫት የለ፣ ሰርቪስ የለ፣ ማሽን የለ። «ደረሰኝስ?» ስል ባለቤትየዋ ጓዳ ገብተው የሂሳብ ደብተር ቅዳጅ ይዘው ብቅ አሉ። እትዬና መነጽራቸው በዓይኔ መጡ።

እስኪ ይሁን፣ ለደረሰኙ ኋላ እናስብበታለን አልኩና ከጂንካው በደል ነፍሴን ላጥብ ተነሳሁ። ኪሴን ከሞባይሌ ጋር አማክሬ 360 ብር ቆጠርኩ። ይህን በዝምታ ሰጥቶ መውጣት አይቻልም? ይቻላል። እኔ ግን ማንኪያዬን ብርጭቆ ላይ መታሁ። እዚህ ቤት ቢል ላይ አሥር ፐርሰንት ስለሌለ እኔ ራሴ መጨመሬን፣ ይህም ገንዘብ በሕጉ መሠረት የሠራተኛው ደመወዝ አካል መሆኑን፣ ማንም ሊነካበት እንደማይችል አሰማሁ።

ልጁ ብሩን ተቀበለና፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ግን አይደለም» አለ።

«ምኑ?»

«ደመወዝ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 53። ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ አይቆጠርም ይላል፤ ከትርፍ ሰዓት፣ ከአበል፣ ከቦነስና ከኮሚሽን ጋር ነው የተዘረዘረው።»

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነው ለካ። ለእረፍት መጥቶ ነው የሚሠራው። ውሃ እየቀዳልን፣ ምንም ሳይቸኩል አስረዳን። አንድ ሆቴል ለአስተናጋጁ ትንሽ ደመወዝ ቆርጦ «ሰርቪስ ይሞላልሃል» ቢለው፣ በሰርቪሱ የሞላው ገንዘብ ጡረታ ውስጥ አይገባም፤ 7 ፐርሰንቱ ከሠራተኛው፣ 11ዱ ከአሠሪው የሚቆረጠው ከደመወዙ ላይ ነው። ሥራ ሲለቅ የስንብት ክፍያው የሚሰላውም በደመወዙ ነው። ደመወዙ ራሱ ስንት ይሁን ቢባል ደግሞ ለግሉ ሠራተኛ የተቆረጠ ወለል የለም። አዋጁ አንቀጽ 55 ላይ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይቋቋማል ይላል፤ የሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን ኢሠማኮ በየሜይ ዴዩ የሚጮኸው ስለዚሁ ነው። ከመስከረም 2018 ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ 6,000 ብር ሆኗል። «እኔን ግን አዋጁን ነገሩኝ እንጂ ደመወዝህ ስንት ነው ብለው አልጠየቁኝም» አለ፤ ፈገግ ብሎ።

የዞኑ ሰውዬ ሽሮው ትን አለው። የጂንካው ሱፐርቫይዘር ፊት የቆመው ሰው ትዝ አለኝ፤ ጣቱን ቀስሮ «ሕጉ በግልጽ ይላል!» የሚለው ሰው። ለነገሩ ሕጉ በግልጽ ይላል።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ባለቤትየዋ ወገባቸውን ይዘው መጡ። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ልጆቼን ሳልከፍል ነው የማሠራው? ተርበው አይተሃል? ተጣልተን ሰምተሃል?» ኧረ እናቴ፣ እንደዚያ ለማለት አይደለም፣ አልኩ። «ታዲያ ሰው ሰብስበህ በብርጭቆ ደወል የደወልከው ለምንድነው? እኔ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ እሳት አያይዛለሁ። ቤቱ ካልሸጠ ከኪሴ ነው የምከፍላቸው። ለእኔስ አሥር ፐርሰንት የሚጨምርልኝ ማነው?» መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ዛሬም የለኝም። ከንግግሬ ሁሉ ውስጥ እሳቸው አንድም ቦታ አልነበሩም።

እሳቸው ሲያወርዱብኝ ልጁ ምን ሲሠራ እንደነበር ልንገርህ። ጓዳ በር ላይ ቁጢጥ ብሎ ብሩን ይከፋፍላል። ወጥ ሠሪዋ ከጭሱ ውስጥ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች፤ ዘጠና። ሳህን አጣቢዋ ልጅ እጇ አረፋ ስለነበር በአንገት ልብሷ ጫፍ ቋጠረላት፤ ዘጠና። ከወንዝ ውሃ የምታመላልሰዋ ገና ጀሪካኗን አላወረደችም፣ ከነሸክሟ ተቀበለች፤ ዘጠና። የቀረችውን ዘጠና ሸሚዝ ኪሱ ከተታት። እኔ ንግግሬን ካደረግሁበት ጊዜ ያጠረ ጊዜ ነው የፈጀበት። ነጥብ የለ፣ ስባሪ የለ፣ «ያለፈው ወርማ ገና ነው» የለ።

ደረሰኙ ግን እንዳፈጠጠ ነው። መላውን ያመጣው የዞኑ ሰውዬ ነው፤ ደረሰኝ በማይገኝበት አገር ቃለ ጉባኤ ይያዛል አለ። ተሰብስበን ዓሣ ስለመብላታችን ቃለ ጉባኤ ያዝን። አጀንዳ አንድ፣ ምሳ። ልጁ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጻፈልን፣ ሁላችን ፈረምን፣ ባለቤትየዋ ተኮሳትረውም ቢሆን ፈረሙ። «ለአስተናጋጆች የተሰጠ 360 ብር» የምትለዋን መስመር ይለፏት ብለው ሁሉም መከሩኝ። ልጁም መከረኝ። ግልጽነት ያስፈልጋል ብዬ አስጻፍኳት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሥልጠናው አልቆ ስንመለስ በጂንካ አልፌ ደረሰኜን እቀበላለሁ ብዬ ነበር። ሹፌሩ ግን ከቱርሚ በአርቦሬ ወደ ወይጦ ቆረጠው፤ መንገዱ ያጥራል አለ። አንዳንዴ ይህ ሹፌር እኔን ከጂንካ ሕዝብ እየጠበቀ ይሆን እላለሁ።

እትዬ ቃለ ጉባኤውን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ምሳውን አለፉት። 360ዋ ላይ እስክሪብቷቸው ቆመ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለአስተናጋጆች፣ እትዬ። ለአራቱም እጃቸው ላይ ሲደርስ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ምስክርም አለኝ።»

«ጉርሻ በመንግሥት ገንዘብ አይሰጥም።»

«የጂንካው ደረሰኝ ላይ ግን 200 ብር ሰርቪስ አለ። እሱስ?»

«እሱማ በማሽን የወጣ ሕጋዊ ደረሰኝ ነው። አምጣውና ሙሉውን አወራርድልሃለሁ።»

«ለማን እንደደረሰ የማይታወቀውን?»

«ለማን እንደደረሰ የእኔ ሥራ አይደለም» አሉና 360ዋን በቀይ ሰረዟት፤ ከደመወዜ ትቆረጣለች። የጂንካው ካልመጣ ደግሞ 2,530ውም ይከተላታል።

ጂንካ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ማን እንደሆነች በድምፅዋ አወቅኩ፤ እሷም አወቀችኝ። ይቅርታዬን ሳልጨርስ «ደረሰኙን ካሸሯ ጋ አግኝቼልዎታለሁ ጋሼ፣ ነገ በመኪና እልክልዎታለሁ፤ ብቻ ስለ ሰርቪስ ከማንም ጋር አያውሩ» አለችኝ። በቴሌብር 200 ብር ላክሁላት፤ ከራሴ፣ ያለ ንግግር።

በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ የጂንካውን አውቶቡስ ጠበቅኩ። ረዳቱ የታጠፈችውን ወረቀት ከደረት ኪሱ አውጥቶ ከፍ አድርጎ ያዛት።

«መቶ ብር የመላኪያ» አለኝ።

«ደረሰኝ ትሰጠኛለህ?» አልኩት።